ለቅሶ በጥሪ አይደረስም

የእኛን እቶን የቻይና ብርጭቆ ገደለው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ማቲልዴ ውሸት ነው ብላለች በሉት። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ፀጉር አስተካካዩም፣ ቄሱም፣ ቶርቲያ የምትጋግረው ሴትዮም። ቻይና ምን በወጣት! እኔ እዚያ ብርጭቆ ቤት የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ማን እንደገደለው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሁለት ደጋግ ሰዎች ናቸው የገደሉት። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ እረግማቸውና ይወጣልኝ ነበር።

ብርጭቆ ቤቱ የዶን ካሲሚሮ ነበር፤ እዚሁ ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መኖሪያቸውና ሥራ ቤታቸው በአንድ ግቢ። እቶኑን የለኮሱት አባታቸው ናቸው። የብርጭቆ እቶን እንደ ቤት ምድጃ ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚለኮስ ነገር አይደለም፤ ሌት ተቀን ይነዳል። አንዴ ከቀዘቀዘ፣ ማቅለጫው ማሰሮ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሲደርቅ ማሰሮውንም ግድግዳውንም ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጡብ ክምር ነው። ስለዚህ በፋሲካም አይጠፋም፣ በገናም አይጠፋም። መሬት የተንቀጠቀጠ ጊዜ እንኳ እኛ ነፍሴ አውጪኝ ብለን ወደ ጎዳና ስንሮጥ ዶን ካሲሚሮ እቶኑ አጠገብ ቆመው ቀሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው ዶኛ ኤውላሊያ ልጅ አልወለዱም። "ልጃችን ያውላችሁ፣ ጋዝ ብቻ የሚበላ ሆዳም!" እያሉ ወደ እሳቱ ይጠቁሙ ነበር።

ሆዳሙን መመገብ ግን እያቃተን መጣ። ጋዙ ተወደደ፣ ገዢው ሳሳ። በመጨረሻ አንድ ተስፋ ብቻ ቀረን፤ ሆላንድ ያለ መብራትና ብርጭቆ የሚነግድ ኩባንያ ለአምስት ዓመት የሚዘልቅ ትእዛዝ ሊሰጠን ፈለገ። ያ ውል ከተፈረመ እቶኑ ይነዳል፣ ካልተፈረመ ይጠፋል። ብርጭቆውን በቱቦ ከሚነፉት ነፊዎቹ ጀምሮ ጋዝ እስከሚያመላልስልን እስከ ፋውስቲኖ ድረስ ይህን የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።

ውሉን ይዞ የመጣው ዮሪስ ነው። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ቁመቱ በራችንን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተባብለን ነበር፤ እሱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ፣ ዶን ካሲሚሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እየዘፈኑ መጡ። ያን ሁሉ ጊዜ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ ሰዓቱን ሲያይ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱ አንድ ላይ የመጡ መስሎኝ ነበር።

እኔ ቺካጎ ሳህን ሳጥብ ዓመታት ስለኖርኩ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ አስተርጓሚዋም እኔው ሆንኩ።

"ስለ ዋጋው መነጋገር ይፈልጋል፣ ዶን ካሲሚሮ" አልኳቸው።

"ቁርስ በልቷል?"

"ስለ ዋጋው ነው እኮ የሚለው።"

"ሰምቻለሁ። በልቷል ወይ?"

ጠየቅኩት፤ ሆቴል በልቻለሁ አለ። "ሆቴል!" አሉ ዶን ካሲሚሮ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው እንደሚያዩ ሁሉ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወዲያው ወደ ቤት ተገባ። ዶኛ ኤውላሊያ ሳሎኑን ከፍተው፣ ላስቲኩ ካልወለቀለት ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ አፉ በወርቅ በተቀባ ሳህን አቀረቡለት። በዚያ ቤት ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፣ ማድ ቤቱ ለሰው። ሳሎን የገቡትን ልንገራችሁ፦ የባንኩ ሰውዬ፣ የግብሩ ሰውዬ፣ አንዴ ደግሞ መንገድ የሳተ ጳጳስ። እኔ እዚያ ሶፋ ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም፤ እግዜር ይመስገን።

ሲበሉ፣ ሲጫወቱ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዮሪስ በመጨረሻ አላስችለው ብሎ፣ "የመጀመሪያውን ጭነት በመስከረም ማድረስ ትችላላችሁ?" አለ።

"በደስታ!" አሉ ዶን ካሲሚሮ ደረታቸውን ነፍተው። "እግዜር ካለ።"

ልጁ ፊቱ በራ። ስሸኘው፣ "እንግዲህ መስከረም ብዬ ለአለቆቼ እጽፋለሁ" አለኝ።

"አትጻፍ" አልኩት። "አይችሉም።"

"በደስታ አሉኝ እኮ!"

"ለዚያ ነው። ስማኝ፣ እዚህ አገር 'አይሆንም' የሚባለው ነገር ለወዳጅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለእንግዳ 'በደስታ' ነው። እንግዳ ፊቱ ጠቁሮ ከበር አይወጣም። ዶን ካሲሚሮ 'ደደብ፣ በመስከረም እንዴት አድርጌ!' ያሉህ ቀን መጥተህ ንገረኝ፤ ያን ቀን ሥራ ይጀመራል።"

እንደ እብድ ነው ያየኝ። ቢሆንም ያልኩትን ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ እንደዚህ የምነግረውን ነገር ሁሉ ይጽፍ ነበር።

በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ተገራ። ሁለተኛው ጊዜ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት የዶኛ ኤውላሊያን ጉልበት ጠየቀ። ሦስተኛው ጊዜ ቦርሳውን ሆቴል ጥሎ መጣ። ዶን ካሲሚሮ ኢንጂነር ነበር የሚሉት። "ኢንጂነር አይደለሁም፣ ያጠናሁት ንግድ ነው" ቢላቸው፣ "ባሕር ገድበው የተኙ ሰዎች ልጅ አይደለህ? ኢንጂነር ነህ፣ አለቀ" ብለው ዝም አሰኙት። ቱቦውን ይዞ ብርጭቆ እንዲነፋ አስተማሩት፤ የነፋው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ የበሰበሰ ዱባ መሰለ። ነፊዎቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዶን ካሲሚሮ ግን ያንን ጠማማ ብርጭቆ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አኖሩለት፤ እሱ በመጣ ቁጥር በዚያ ነበር የሚጠጣው።

አዎ፣ ማድ ቤት ገብቷል። መቼ እንደገባ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ስመጣ እዚያ አገኘሁት፣ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ሆኖ። ዶኛ ኤውላሊያ ጭልፋ ይዘው ቆመውበታል።

"ይሄ ምንድነው ሳህኑ ላይ የተረፈው? ዝሆን የሚያህል ሰው የሞሌ ወጤን እንደ ድመት ትልሳለህ? ብላ!"

"ጠግቤያለሁ፣ ዶኛ ኤውላሊያ።"

"ማን ጠየቀህ? ብላ!"

በላ። ያኔ ሥራችን ተሳክቷል ብዬ አማተብኩ። ዶን ካሲሚሮም በዚያው ሰሞን "አንተ አህያ፣ በመስከረም እንዴት አድርጌ! በጥር በለው" አሉትና ጭነቱ በጥር ተባለ።

ፊርማው ለአንድ ዓርብ ተቀጠረ፣ ከምሳ በኋላ፣ ማድ ቤት። ዮሪስ ከሰኞ ጀምሮ ሆቴሉ ገብቷል። "ወረቀቱ ለአለቆቹ ነው" አሉኝ ዶን ካሲሚሮ። "ለእኔ የልጁ ፊት ይበቃኛል። ከፈረምን በኋላ አበልጅ እናደርገዋለን። ክርስትና የሚነሳ ልጅ ባይኖረን ምክንያት አይጠፋም።"

ማክሰኞ ጠዋት ቱቦውን ከእቶኑ አፍ እንዳወጡ ወደቁ። ሐኪም እስኪመጣ እንኳ አልቆዩም። ቱቦው ጫፍ ላይ የነበረው ብርጭቆ መሬት ላይ ቀዝቅዞ ሲሰነጠቅ እስካሁን ይሰማኛል። ወይኔ ዶን ካሲሚሮ! ደረት እየደቃችሁ ብታለቅሱላቸው የማይበዛባቸው ሰው ነበሩ።

እኛ ዘንድ ሬሳ ሳጥኑ ስር በኖራ መስቀል ይሣላል። ሳጥኑ ወጥቶ ከተቀበረ በኋላም መስቀሉ እዚያው ይቆይና ዘጠኝ ቀን ይጸለይበታል። በዘጠነኛው ቀን፣ የሟች ቤት የመረጣቸው ሰዎች እየጠረጉ ያነሱታል፤ አንዱ ራሱን፣ ሌሎቹ እጆቹን፣ አንዱ እግሩን። ይህን ያነሳ ሰው ለዚያ ቤት አበልጅ ነው፤ እስከ መቃብር። ኖራው እንደተሣለ ዶኛ ኤውላሊያ ጠሩኝ። ዓይናቸው ገና አላለቀሰም ነበር።

"ራሱን ወንድሙ ያነሳል" አሉ። "እግሩን ኢንጂነሩ ያነሳል። ካሲሚሮ አበልጅ አደርገዋለሁ ብሎ ነበር፤ ይኸው ምክንያት ተገኘለት።"

"ሄጄ ልንገረው?"

"ምኑን ነው የምትነግሪው? ሲመጣ እኔው ራሴ በሳጥኑ ፊት እለምነዋለሁ።"

"ዶኛ ኤውላሊያ፣ ልማዳችንን ባያውቅስ?"

"ማልቀስ ልማድ ነው እንዴ? ለቅሶ በጥሪ አይደረስም፣ ማቲልዴ። ወሬውን እንደሆነ ሰምቷል፤ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ወንድሟ እኛው ጋ ነፊ ነው፣ ነግራዋለች። ማንም እንዳይጠራው። የወደደ ይመጣል።"

ሰው መጣ። ግቢው ሞልቶ እስከ ጎዳናው ፈሰሰ። ሥራ ትተው የሄዱ ነፊዎች መጡ፣ ዶን ካሲሚሮ ከአሥር ዓመት በፊት የተጣሏቸው መስታወት ቆራጭ መጡ፣ ፋውስቲኖ የጋዝ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሬሳው ቤት በቆየባቸው ሁለት ቀናት ሳይንቀሳቀስ ዋለ። እኔ ወንበር ሳመላልስ፣ ዳቦ ሳስቆርስ፣ ከቄሱ ጋር ስከራከር እግሬ አልቆመም። የግቢው በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር ግን ዶኛ ኤውላሊያ ቀና ይሉ ነበር። ያዩና መልሰው ያቀረቅራሉ። በሩ ደግሞ ሲጢጥ የማይልበት ጊዜ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን፣ ሊቀበሩ ሲሉ፣ የሆቴሉ መኪና ትልቅ ነጭ የአበባ ጉንጉን አመጣ። ጥብጣቡ ላይ የኩባንያው ስም ተጽፏል።

"ይሄ ማነው?" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ።

"ኩባንያው ነው።"

"ባሌን ያውቀው ነበር ኩባንያው?"

ከአበባው ጋር ዮሪስ በስሜ መልእክት ልኮ ነበር፤ ዶኛ ኤውላሊያ ካላነበብሽልኝ አሉ። "በዚህ ከባድ ጊዜ ልናስቸግራችሁ አንፈልግም። የዓርቡን ቀጠሮ ሰርዘነዋል። ዝግጁ ስትሆኑ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።" እያነበብኩ ራሴ በረደኝ። በእንግሊዝኛ ሲነበብ ደግ ሰው የጻፈው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ከአፌ ሲወጣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሆነ።

"ልናስቸግራችሁ" አሉ ዶኛ ኤውላሊያ፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያላመጡ። "ሞሌዬን ሲበላ አላስቸገረኝም፣ ሲያለቅስ ነው የሚያስቸግረኝ?"

ከቀብር እንደተመለስን ጥቁር ሻርፔን እንኳ ሳላወልቅ ሆቴሉ ሄድኩ። ላንቀው ነበር የሄድኩት። የለም አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ፤ ቅድም፣ አበባውን ከላከ በኋላ፣ ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄዷል።

"አይ የነጭ ነገር!" አልኳት። "ሰው ሲሞት እግሬ አውጪኝ!"

"ኧረ አትሳሳቺ" አለችኝ። "ሁለት ቀን ሙሉ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ እዚያች ወንበር ላይ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ይነሳል። 'ካርድ መጣልኝ?' ይለኛል። የምን ካርድ እንደሆነ እኔም አልገባኝም።"

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

"ለምንድነው ያልመጣኸው?"

"ካርዱ አልደረሰኝም፣ ማቲልዴ" አለ።

"የምን ካርድ ነው የምትለው?"

"የሟች ቤተሰብ የሚልከው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ካርድ ይልካል፤ ካርድ የደረሰው ይሄዳል። ያልደረሰው ቤቱ ሆኖ ያዝናል። ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው… እንዴት ልበልሽ፣ የሰው መኝታ ቤት በር እንደሚከፍት ነው። እኔ ደግሞ ውል ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። በሬሳቸው ላይ ቆሜ ፊርማ የምጠብቅ ልምሰል? ለዚያ ነው ከተማውን ለቅቄ የወጣሁት። እንዳልከብዳቸው።"

እንባዬ ከንዴቴ ጋር ተቀላቀለ። "አንተ ደደብ!" አልኩት። "አንተ የደደብ ደደብ! ወንበርህ ባዶ ሆኖ ነው የተቀበሩት!" በዘጠነኛው ቀን እንዲመጣ ነገርኩት።

"ዶኛ ኤውላሊያ ጠርተውኛል?"

"አዎ" አልኩ። ዋሸሁ፤ ዛሬም ቢሆን እዋሸዋለሁ።

ተመልሼ ለዶኛ ኤውላሊያ ስለ ካርዱ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማድ ቤት ሆነው ባቄላ እየለቀሙ አዳመጡኝ። እጃቸው ለአፍታ ቆመ፤ ልባቸው የሚራራ መስሎኝ ነበር።

"ሞት ካርድ ልኮልኝ ነው ቤቴ የገባው?" አሉ። "ፋውስቲኖን ማን ጠራው? ያን ባለጌ መስታወት ቆራጭ ማን ጠራው? ባሌ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሁለት ቀን ጠብቆታል፣ ማቲልዴ። ሁለት ቀን። ፊቱን አላየውም።"

"እቶኑስ፣ ዶኛ ኤውላሊያ? ነፊዎቹስ?"

"እቶኑን አትጥሪብኝ።" ባቄላቸውን መልቀም ቀጠሉ።

በዘጠነኛው ቀን መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ብዬው ነበር፤ እንዳልኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንኳኳ። የሚጸልየው ሕዝብ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ እንደማይመጣ ማስጠንቀቅ ረስቼ ነው። ዶኛ ኤውላሊያ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። እግዜር ሆይ፣ ይስደቡት፣ ይምቱት እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር" አሉት ፈገግ ብለው። "ይግቡ፣ ይግቡ። ቤትዎ ነው።"

ሳሎኑን ከፈቱለት። ባለ ላስቲኩ ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ ከሥሩ ጮኸ። በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ታማሌ በወርቅ ቅብ ሳህን ቀረበለት፣ ውኃ በክሪስታል ብርጭቆ። ዮሪስ ወደ ማድ ቤቱ በር አየ፤ ጠማማ ብርጭቆውን የፈለገ መሰለኝ።

"ዶኛ ኤውላሊያ" አለ በምልልሱ በለቃቀመው በሚንገዳገድ ስፓኒሽኛው፣ "በጣም አዝናለሁ። መምጣት ነበረብኝ።"

"ኧረ ምንም አይደል፣ ምንም አይደል። ሥራ በዝቶብዎት ነው።"

"ዶን ካሲሚሮን እወዳቸው ነበር።"

"እሳቸውም በጣም ያከብሩዎት ነበር።"

"ስለ ወረቀቱ… እርስዎ ዝግጁ ሲሆኑ። አይቸኩልም።"

"በደስታ፣ ኢንጂነር። እግዜር ካለ በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን። ታማሌ ልጨምርልዎት?"

ግማሹን ሳህኑ ላይ ተወው። ዶኛ ኤውላሊያ አዩት፤ ምንም ሳይሉ ሳህኑን አነሱ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ፣ ተጸለየ፣ መስቀሉ ተነሳ። ራሱን ወንድምየው አነሱ። እግሩን ያነሳው ፋውስቲኖ ነው፤ በዚያ በሻካራ እጁ፣ አንዲት የኖራ ብናኝ እንዳታመልጠው እየተጠነቀቀ። ዮሪስ ግድግዳው ጥግ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ በአክብሮት ያያል። የራሱን ቦታ ሰው ሲይዝበት እያየ መሆኑን አያውቅም።

ስሸኘው በር ላይ ትንፋሹን ለቀቀ። "ምን ዓይነት ሴት ናቸው!" አለኝ። "ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን አሉ።"

"እሺ አሉህ?"

"አዎ። እኔ ስለ ወረቀቱ ስላቸው በደ…"

ቆመ።

"በደስታ አሉኝ" አለ ቀስ ብሎ።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ተመለስ" አልኩት። "ማድ ቤት ግባ። ሳታንኳኳ ግባ። ተንበርከክ፣ አልቅስ፣ በጭልፋ ይምቱህ። ሂድ!"

ሄደ። ከማድ ቤቱ በር ሲደርስ ግን እጁ ተነሳና አንኳኳ። አሳዳጊዎቹን እግዜር ይይልኝ፣ አንኳኳ! ዶኛ ኤውላሊያ በሩን ገርበብ አደረጉ። "የጎደለ ነገር አለ፣ ኢንጂነር?" አሉት በዚያው ፈገግታ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በየሳምንቱ ይጽፋል። ዶኛ ኤውላሊያ መልሱን ያጽፉኛል፦ "ስለ ደግነትዎ እናመሰግናለን፤ እያሰብንበት ነው።" ስንት ጊዜ ለመንኳቸው መሰላችሁ! "ካሲሚሮ የሰው ፊት እንጂ ወረቀት የማያምን ሰው ነበር" ይሉኛል። "ፊቱን ላላየው ሰው ስሙን አልሰጥም።" ዮሪስ አለቆቹን እስከ ዝናቡ ወራት አስታገሣቸው፤ ከዚያ ትእዛዙን ፖላንድ ላለ ፋብሪካ ሰጡት። እኛ የሙታን በዓል ሻማ ማስቀመጫ እየነፋን ቆየን። ነፊዎቹ አንድ በአንድ ወደ መኪና ፋብሪካው ሄዱ። ከእነሱ ሁሉ የበለጠው፣ ለሠርጌ ጊዜ ሰማያዊ ማሰሮ የነፋልኝ፣ ዛሬ የመኪና በር ላይ ጎማ ይለጥፋል። በየካቲት ፋውስቲኖ ባርኔጣውን አውልቆ መጣና፣ ከዚህ በላይ ጋዝ ማምጣት እንደማይችል ለዶኛ ኤውላሊያ ነገራቸው። "ዓርብ ይጠፋል" አሉ።

ለዮሪስ አንድ መስመር ጻፍኩለት። "ዓርብ እቶኑ ይጠፋል።" ና አላልኩትም። ማንም ና አላለውም።

ዓርብ ዕለት ሰፈሩ መጣ። ያልተጠራ ሁሉ መጣ፤ ነፊዎቹ የፋብሪካ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ሴቶቹ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው። ሬሳ ያለ ይመስል እቶኑን ከበው ተቀመጡ። ዶኛ ኤውላሊያ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ባላቸው የወደቁበት ቦታ ላይ ወንበር አድርገው፣ ፊታቸው በእሳቱ ቀልቷል። እጃቸውን ወደ ጋዙ መዝጊያ ሲዘረጉ የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

ቀና አሉ።

ዮሪስ ነው። ጥቁር ልብስ የለ፣ አበባ የለ፤ ከአውሮፕላን እንደወረደ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ጢሙ አድጎ። ለማንም ሰላም አላለም። በሰው መሃል ሰንጥቆ መጥቶ ዶኛ ኤውላሊያ ፊት ቆመና መናገር ሲያቅተው ጮኾ አለቀሰ፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው እንዲያ ባለ ድምፅ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

ዶኛ ኤውላሊያ ተነሱ። ደረቱን በቡጢ መቱት።

"አሁን?" አሉ። "አሁን ነው የምትመጣው፣ አንተ ከብት? አንተ አህያ? ሁሉም ካለቀ በኋላ? የት ነበርክ! ጠብቄህ፣ ጠብቄህ…" ይመቱታል፣ ያለቅሳሉ። በባላቸው ቀብር ያልወጣው እንባ ነው ያን ቀን የወረደው።

"ማንም አልጠራኝም" አለ ዮሪስ። "ዶኛ ኤውላሊያ፣ ማንም አልጠራኝም።"

እጃቸው ደረቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ክንዱን ይዘው ወደ እቶኑ አስጠጉት፤ እጁን መዝጊያው ላይ አኖሩ፣ የራሳቸውን በላዩ።

"ለካሲሚሮ አልደረስክም" አሉት። "ለልጁ ደረስክ። በል፣ ዝጋ።"

አብረው ዘጉት። እሳቱ አንዴ ተነፈሰና ጸጥ አለ። ድምፁን ስለለመድነው ጸጥታው ጆሮ ያማል።

ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባን፤ የቻለ ገባ፣ ያልቻለ በር ላይ ቆመ። ዶኛ ኤውላሊያ ጠማማውን ብርጭቆ ከመደርደሪያው አውርደው በቀሚሳቸው አቧራውን ጠርገው ውኃ ሞሉለት። ዮሪስ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ "እንደገና መለኮስ አይቻልም? አለቆቼን እንደገና እለምናለሁ" አለኝ። ስለ እኔ የመለሰለት እቶኑ ነው። ከሥራ ቤቱ በኩል የመጀመሪያው ማሰሮ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ጠሽ አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ጠሽ። ሁሉም ማላመጡን አቆመ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ዶኛ ኤውላሊያ ጭልፋቸውን አንስተው ሳህኑ ላይ ሞሌ ጨመሩለት።

"ብላ" አሉት።

"ጠግቤያለሁ፣ ዶኛ ኤውላሊያ።"

"ማን ጠየቀህ?"

በላ። ግድግዳው እስኪመሽ ድረስ ሲሰነጠቅ እየሰማን፣ ሁላችንም በላን።